«አንቴናው ጨረር ይለቃል» ላለን ሰው 4,500 ብር ከፈልን፣ እናንተ እንዳትከፍሉ

ግንቦት ላይ ነው። አንድ ሰው ደውሎ «የሶላር ኢንቨርተራችሁ የፍተሻ ጊዜው ደርሷል» አለ። (ኢንቨርተር ከፓነሉ የሚመጣውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው ሳጥን ነው።) እኛም የሸጠልን ድርጅት የላከው መስሎን አስገባነው። በረንዳ ላይ የተሰቀለውን ኢንቨርተር አየት አየት አደረገና ጎኑ ላይ ያለችውን የጣት ቁመት የምታህል ጥቁር አንቴና ጠቆመ። «ይቺ ጨረር ትለቃለች። ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ማን ነው የሚተኛው?» አለ። የሚተኙት ልጆቼ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ማን ይከራከራል! የጻፈልን ወረቀት «ማንሳትና በደንቡ ማስወገድ» ይላል።

አንቴናዋ ዋይፋይ ናት። ኢንቨርተሩ ስንት ኃይል እንዳመነጨ ወደ ስልኬ የሚልክባት። ሳሎን ካለው የኢንተርኔት ራውተር የተለየ ነገር የላትም፤ እሱንማ ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጠን እንውላለን።

የነቀለበትን መንገድ ባሰብኩት ቁጥር ይዘገንነኛል። እኩለ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ፣ አንድም ነገር ሳያጠፋ ክዳኑን በካቻቢቴ ከፈተ። አንቴናዋን በፒንሳ ሲጠመዝዛት መቀመጫዋ አብሮ ተነቀለ። ቀዳዳውን በፕላስተር ለጠፈና ሄደ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ገባበት፣ ኢንቨርተሩ ቀይ መብራት አብርቶ ቆመ። ሻጩ መጥቶ የተቀደደውን የዋስትና ስቲከር ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። አለቀ።

አንቴናዋን ማስነቀል ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሸጠላችሁን ጠይቁ። ብዙዎቹ ላይ ዋይፋዩን ከአፑ ማጥፋት ይቻላል፣ መንቀልም አያስፈልግ። ግድ ከሆነ ደግሞ የመስመሩ ብሬከር ይጥፋ፣ ከዚያ የፓነሉ የዲሲ ማጥፊያ (ከፓነሉ የሚመጣውን ኃይል የሚያቋርጠው)፣ ባትሪ ካለም እሱ። መብራት ጠፍቷል ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ፀሐይ እስካለ ድረስ ከፓነሉ በሚመጣው ገመድ ላይ ኃይል አለ። ከጠፋም በኋላ ካፓሲተሮቹ (ኢንቨርተሩ ውስጥ ኃይል ለጊዜው የሚይዙት ዕቃዎች) ውስጥ የቀረው እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጎኑ ላይ ተጽፏል፣ ብዙ ጊዜ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ነው። ከውጭ የምትፈታ አንቴና በእጅ ወደ ግራ ስትዞር ትወጣለች። ቀዳዳው በራሱ የጎማ ክዳን ይዘጋ። ክዳን መክፈት የሚጠይቅ ከሆነ እናንተም እኔም አንነካውም፣ የባለሙያ ነው።

«በደንቡ ማስወገድ» ስላለው ነገር፦ አንቴናዋ ትንሽ ሽቦና ፕላስቲክ ናት፣ ባትሪ የላትም። ለቆራሌው ብትሰጡት ችግር የለውም፤ ብቻ መዳብ እናወጣለን ብላችሁ አታቃጥሏት፣ ጭሱ መርዝ ነው። አንዳንዱ ኢንቨርተር ላይ እንደ ፍላሽ የሚሰካው የዋይፋይ ዕቃ ግን ውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ስላለው ለሻጩ መመለሱ ይሻላል። ከመስጠታችሁ በፊት ከአፑ ላይ ሰርዙት፣ መለያ ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

የኛዋን አንቴና በማግስቱ ልጄ አገኛት። ከግቢያችን በር ፊት ለፊት፣ ቦዩ ውስጥ። ሰውዬው ስልክ ማንሳት ካቆመ ሁለት ወር ሆነው።