ኪውጂአይኤስ ወይስ አርክጂአይኤስ? ካርታ ለምትሠሩ ጓደኞቼ

ለገጣፎ፣ ሰበታና ገላን አካባቢ ሳይት ፕላንና የይዞታ ካርታ የምትሠሩ ጓደኞቼ ከሁለቱ የካርታ ሥራ ሶፍትዌሮች፣ ከነፃው ኪውጂአይኤስ (QGIS) እና ከሚከፈልበት አርክጂአይኤስ (ArcGIS)፣ «የቱን ላስጭን?» እያላችሁ ስለምትደውሉልኝ መልሴን እዚሁ ልጻፈው። ኪውጂአይኤስን ጫኑ።

ከዋጋው እንነሣ። አርክጂአይኤስ የሚከፈለው በዶላር ነው፤ ያውም በየዓመቱ ይታደሳል። በዓመት 100 ዶላር የሚባለው ለግል መጠቀሚያ ነው፤ በእሱ ሠርቶ ደንበኛ ማስከፈል አይፈቀድም። ለሥራ የሚሆነው እንደ ደረጃው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ኪውጂአይኤስ ዜሮ ብር ነው፤ ለንግድም ቢሆን። መጫኛው ከ1 ጊጋባይት ስለሚበልጥ ደህና ኢንተርኔት ያለበት አንዴ አውርዱትና በፍላሽ ተቀባበሉት። ፈቃዱ ማባዛትን ይፈቅዳል።

«የአርክጂአይኤስን ክራክ (ፈቃዱ ተሰብሮ የሚዞረውን ቅጂ) በትንሽ ብር አስጭናለሁ» ለምትሉ፦ ጫኚው መጀመሪያ የሚነካው አንቲቫይረሱን ነው፤ ያጠፋዋል። አንድ የሰበታ ሰርቬየር «ሁሉም ተጭኖበታል» ተብሎ የገዛውን ላፕቶፕ ሲያመጣልኝ የወሰን ፋይሎቹ በሙሉ ተቆልፈው፣ ዴስክቶፑ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ተቀምጦ ነበር። ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንን። የከረመበት ልኬት ግን ቀልጦ ቀረ። በዚያ ላይ በክራክ በብዛት የሚዞረው የድሮው የአርክጂአይኤስ ፕሮግራም አርክማፕ ነው፤ ባለቤቱ ኤስሪ የቆረጠለት የድጋፍ ማብቂያ ማርች 1 ቀን 2026 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ብዙ ሰው የሚያማርርበት የካርታ መሸሽ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም። የድሮ ካርታዎቻችን አዲንዳን በተባለው የመለኪያ መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው፤ ጂፒኤሱ የሚሰጣችሁ ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ነው። ሁለቱ አዲስ አበባ ዙሪያ ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ ያ ማለት አጥሩ ሌላ ሰው ግቢ ገባ ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ላይ ለድሮው ኢፒኤስጂ (የመለኪያ ሥርዓቶች መለያ ቁጥር) 20137ን፣ ለጂፒኤሱ 32637ን ምረጡ። ኪውጂአይኤስ ከአንዱ ወደ ሌላው የመቀየሪያ ዝርዝር ሲያወጣላችሁ ኢትዮጵያ የተባለውን ውሰዱ፤ ዝም ብላችሁ ኦኬ አትበሉ።

አማርኛ የምትጽፉ ደግሞ ሼፕፋይል የተባለውን የካርታ ፋይል ዓይነት ተዉት። የአምድ ስም ከ10 ባይት በላይ አይቀበልም፤ በዩቲኤፍ 8 (ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት ዘዴ) አንድ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። «ባለይዞታ» ብላችሁ የሰየማችሁት አምድ «ባለይ» ሆኖ ይቀራል። በምትኩ ጂኦፓኬጅ በተባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፤ ሙሉ ስሙ ይቆያል፣ ሁሉም ነገር በአንድ ፋይል ይገባል።

አርክጂአይኤስ የሚያሸንፍበት አለ። በሦስት አውታር ካርታና በተደራጀ ድጋፍ ይበልጣል። የሥራ ማስታወቂያም ብዙ ጊዜ እሱን ነው የሚጠይቀው፤ ተቀጣሪ መሆን የምትፈልጉ በተቋም ላይሰንስ ተማሩት። አሠሪያችሁ የአርክጂአይኤስ ፕሮን (የአዲሱን የአርክጂአይኤስ ፕሮግራም) ፕሮጀክት ፋይል ራሱን ካለ ኪውጂአይኤስ አይከፍተውም። ዳታው የሚቀመጥበትን ጂኦዳታቤዝ ግን ያነባል፤ ስለዚህ ውል ስትፈርሙ የሚረከቡት ዳታውን ይሁን ፕሮጀክቱን ለይታችሁ ጠይቁ።

ላፕቶፓችሁ አሮጌ ከሆነም አትጨነቁ፤ ኪውጂአይኤስ በ4 ጊጋ ራም ለአንድ ቀበሌ ሥራ ይበቃል። ለሜዳ ልኬት ኪውፊልድ የተባለውን አፕ አንድሮይድ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ እሱም ነፃ ነው። ኪውጂአይኤስን ስታወርዱ አዲስ የወጣውን ሳይሆን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ውሰዱ።