ወይኗን አልቆርጥም ያለኝ አትክልተኛ

አትክልተኛ ለምትፈልጉ አንድ ልጅ ልጠቁማችሁ ነው። መጀመሪያ ግን ላመስግነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለቤቴ ያረፈው ዓምና ግንቦት ላይ ነው። ድንኳኑ ፈረሰ፣ እድሩ ወንበሩን ሰብስቦ ሄደ፣ አርባውም ወጣ። ክረምቱን በሬን ዘግቼ ከረምኩ። ቤተ ክርስቲያንም አልሄድኩም። እውነቱን ልናገርና ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር። "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚለኝን ሰው ሁሉ ጆሮዬ ጠልቶት ነበር።

ቤቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። ግቢው ጠባብ ነው። በረንዳው ጥግ ባለቤቴ የተከላት ወይን አለች። እሷን የሚገርዛት እሱ ነበር፤ እኔ መቀስ ነክቼ አላውቅም። ክረምቱን ጠጥታ ጣሪያ ላይ ወጣች፣ መስኮቴን ጋረደች። ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ተነቅላ ትውጣ፣ ግቢውም በሲሚንቶ ይለሰን ብዬ ወሰንኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሠራተኛ ቀብድ ተቀብሎ ጠፋ። ዛሬ ሳስበው መጥፋቱ ለበጎ ነው፤ ብሩ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጎረቤቴ ይህን ልጅ ላከችልኝ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ወይኗን ዞሮ ዞሮ አያት። "እትዬ፣ መቁረጡ ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን አልቆርጣትም። እስከ ፋሲካ ይስጡኝ" አለኝ። ተናደድኩ። ከፋዩ እኔ፣ ወሳኙ እሱ!

ከዚያ ገረዛት። መግረዝ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከአሥር ዘንግ ስምንቱን አወረደው። የቀሩት ላይ ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ ተወ። ፍሬው የሚመጣው ከእነዚያ ዓይኖች በሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው አለኝ።

በማግስቱ ስወጣ የተቆረጠው ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ጠብ፣ ጠብ። ከስሩ ያለው ሲሚንቶ ረጥቧል። ገደላት ብዬ ደወልኩለት። "አይንኳት እትዬ፣ እያለቀሰች ነው። ወይን ሲገረዝ ያለቅሳል። ሲበቃት ትተዋለች" አለና ዘጋው። ስለ እኔ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አብሬያት አለቀስኩ። ከቀብር ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም።

ጊዜው ጽጌ ነበር። ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት የማኅሌቱ ድምፅ ከደብሩ እስከ መኝታዬ ይሰማል። ዮሐንስ ምዕራፍ 15ን አውጥቼ አነበብኩ። "ፍሬ የሚያፈራውንም ሁሉ አብዝቶ እንዲያፈራ ያጠራዋል" ይላል። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ቃል ነው፤ መቀሱን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ታረቅን አልልም። መነጋገር ግን ጀመርን።

ልጁ ውሃ አያጠጣም። "ማጠጣቱ የእርስዎ ነው" ብሎ ባልዲውን ሰጠኝ። የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት ከፍግ ጋር ማብላላት አስተማረኝ። በአጥሩ ስር ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት አስተከለኝ። ጤና አዳሙ ሲያድግ ጎረቤቶቼ ለቡናቸው ቅጠል ሊቆርጡ መምጣት ጀመሩ። የመጣ ሰው ደግሞ ሳይቀመጥ አይሄድም።

ወይኗ ሚያዝያ ላይ ደረሰች። ወፍ እንዳይጨርሰው ዘለላውን በሽንኩርት ጆንያ ሸፈንነው። ግማሹን ለጎረቤት አደልኩ። ግማሹን ሰፌድ ላይ አሰጣሁት፤ የበልግ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሰፌዱን ይዤ ወደ ቤት ስሮጥ ልጆቼ ይስቁብኛል። ለሙት ዓመቱ ጧፉንና ዕጣኑን ከሱቅ ገዛሁ። ዘቢቡን ግን ከቤቴ ይዤ ሄድኩ። ቄሱ እፍኝ አድርገው አዩትና "ከየት ነው?" አሉኝ። "ከእሱ" አልኳቸው።

እንግዲህ ጥቆማው። ልጁ ከፈረንሳይ እስከ ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ ድረስ ይሠራል። ዋጋውን ግቢውን አይቶ አስቀድሞ ይናገራል፣ በኋላ አይጨምርም። ቀብድ አይጠይቅም። ያወረደውን ቅርንጫፍ ጠርጎ ይሄዳል። እንከኑንም ልንገራችሁ፦ ነገ እመጣለሁ ካለ ከነገ ወዲያ ጠብቁት። ደግሞ ያዘዛችሁትን ሁሉ አይሠራም፤ ጤነኛ ዛፍ ቁረጥ ካላችሁት ይከራከራችኋል።

ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን የእኔ ናት፣ እሷን አትንኩብኝ።