ደብሊውዲ ኤለመንትስ 2 ቴራባይት ከኡቡንቱ ጋር፣ በድሬዳዋ ሙቀት

የዌስተርን ዲጂታል ኤለመንትስ ባለ 2 ቴራባይቱ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ኡቡንቱ ወይም ሊነክስ ሚንት ለሚጠቀም ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። ድራይቨር አይፈልግም፣ እንደተሰካ ይታያል፣ የውስጥ ጤናውንም ሳይደብቅ ያሳያል። ድሬዳዋ ላይ ግን ሁለት ነገር ይፈታተነዋል፤ አንዱ ሙቀቱ፣ ሌላው ኬብሉ የሚሰካበት ፖርት ነው። «ዲስኩ ሞተ» ከሚባለው ውስጥ ደግሞ ብዙው አልሞተም። ወይ ኤሌክትሪክ አንሶታል፣ ወይ ኬብሉ ላልቷል፣ ወይ ዊንዶውስ ላይ በችኮላ ተነቅሎ የመጣ ነው። ስለዚህ ዕቃውን የመዘንነው ባመፀ ጊዜ በቀላሉ ይመለሳል ወይስ አይመለስም በሚለው ነው። ትዕዛዞቹን በሚጠሩበት ድምፅ ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት።

በካርቶኑ ውስጥ ዲስኩና አንድ አጭር ኬብል ብቻ አሉ። ኬብሉ በዲስኩ በኩል ሰፋ ያለ፣ ሁለት ክፍል ያለው የዩኤስቢ 3.0 ማይክሮ ቢ ጫፍ አለው። የራሱ ቻርጀር የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የዩኤስቢ 2.0 ፖርት 500 ሚሊ አምፒር፣ የ3.0 ደግሞ 900 ሚሊ አምፒር እንዲሰጥ ነው ደንቡ። በዲስኩ ውስጥ ያለው የሚሽከረከር ሳህን ከቆመበት ተነሥቶ ፍጥነቱን እስኪይዝ ድረስ ዲስኩ ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ ይስባል። የዴስክቶፕ የፊት ፖርት፣ የራሱ ኃይል የሌለው ማከፋፈያ ሀብ ወይም ረጅም ኬብል ከሆነ ቮልቴጁ በዚያች ቅጽበት ይወርድና ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ተነሥቶ መልሶ ይጠፋል። መብራቱ ብልጭ ስላለ ብቻ ኃይል ደርሶታል ማለት አይቻልም። ዴስክቶፕ ከሆነ ከጀርባ ባለው ሰማያዊ ፖርት፣ ላፕቶፕ ከሆነ ያለ ሀብ በቀጥታ ሰኩት።

ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት፣ በተለይ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፣ የከርነሉን (የሊነክስ እምብርት የሆነውን ፕሮግራም) መዝገብ አንብቡ። ዲስኩ ሳይሰካ ተርሚናል ከፍታችሁ «ሱዶ ዲሜሴጅ ሰረዝ ደብሊው» በሉና ከዚያ ሰኩት፤ መስመሮቹ እዚያው ዓይናችሁ ሥር ይወርዳሉ። አንዲት መስመር እንኳ ካልወጣች ጥፋቱ ከፋይል ሥርዓት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ኬብል፣ ፖርት ወይም ኃይል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የአሮጌ ስልክ ቻርጀር ኬብል በዲስኩ ሰፊ ፖርት ትልቁ ክፍል ውስጥ ልክ ይገባል። ኬብሉ ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ከሆነ መብራቱን ያበራል እንጂ ዳታ አያሳልፍም። ዳታ ቢያሳልፍም ዲስኩን በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ያስቀረዋል፤ ያን ጊዜ መዝገቡ «ሱፐር ስፒድ» በማለት ፈንታ «ሃይ ስፒድ» ይላል። ዲስኩ ታይቶ ወዲያው «ሪሴት» ወይም «ዲስኮኔክት» የሚል መስመር ከተደጋገመ አሁንም ኃይል ወይም ኬብል ነው፤ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። መጠኑ በትክክል ተነብቦ «አይኦ ኤረር» ከነሴክተር (ትንሿ የዲስኩ የዳታ ክፍል) ቁጥሩ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሳህኑ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል ከታች ስለ ማዳን ወደጻፍነው እለፉ።

መዝገቡ ንጹሕ ከሆነ «ኤል ኤስ ቢ ኤል ኬ» በሉ። ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ኤስዲቢ ሆኖ ይመጣል፤ ኤስዲኤ የላፕቶፑ የራሱ ዲስክ ሊሆን ስለሚችል ስሙን ከመጠኑ ጋር አመሳክሩ። በ2 ቴራባይት ፈንታ 1.8 ቢያሳይ አልተጭበረበራችሁም፤ ፋብሪካው በ1000 ሲያባዛ ሊነክስ በ1024 ይቆጥራል።

ከፋብሪካ ሲመጣ የተሠራው በኤንቲኤፍኤስ፣ በዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት፣ ነው፤ በጣም የተለመደው አለመከፈት የሚመጣውም ከዚያ ነው። ከስቱዲዮ ወደ ስቱዲዮ የሠርግ ቪዲዮ ይዞ የሚዞር ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ኢጀክት ሳይደረግ ይነቀላል፣ ወይም ጽሕፈት ላይ እያለ መብራት ይጠፋል። ዊንዶውስ ያን ጊዜ ክፍልፋዩ ላይ «ያልጸዳ» የሚል ምልክት ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ከርነል 5.15 ጀምሮ የገባው ኤንቲኤፍኤስ3 ድራይቨር ይህን ምልክት ሲያይ ለመጻፍ አይከፍትም። በስክሪኑ የሚወጣው መልእክት ስለ መጥፎ ሱፐርብሎክ ስለሚያወራ ሰው ይደነግጥና ፎርማት ያደርጋል። ዲሜሴጅ ውስጥ ግን «ቮልዩም ኢዝ ደርቲ» የሚለው እውነተኛው ምክንያት ተጽፎ ይገኛል። ፋይሎቹ አሉ።

መጀመሪያ «ማውንት» በሚለው የመክፈቻ ትዕዛዝ ላይ «ሰረዝ ኦ አርኦ» ጨምራችሁ ለማንበብ ብቻ ክፈቱትና አስፈላጊውን ኮፒ አድርጉ። ከዚያ ዊንዶውስ ያለው ጎረቤት ካለ «ቼክዲስክ» ከኤፍ ምርጫው ጋር ይሂድበት፤ የኤንቲኤፍኤስን ጥፋት በትክክል የሚጠግነው እሱ ነው። ሊነክስ ላይ ያለው «ኤንቲኤፍኤስፊክስ ሰረዝ ዲ» ጥቂት ቀላል ስሕተቶችን አስተካክሎ ምልክቱን ያነሣል፤ ከባድ ጥገና ከእሱ አይጠበቅም። ለችኮላ ይረዳል፣ ለልማድ ግን አንመክረውም። ዊንዶውሱም ላይ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን ማጥፋት ይጠቅማል፤ ኮምፒውተሩ «ተዘጋ» እየተባለ ግማሹ ሳይዘጋ የሚቀረው በእሱ ነው።

ዲስኩ ከሊነክስ ውጭ የማይሄድ ከሆነ የሊነክስን የፋይል ሥርዓት ኤክስት4ን አድርጉት፣ ሌላ ምርጫ አትፈልጉ። ጆርናል (የሚጻፈውን ቀድሞ የሚመዘግብ ማስታወሻ) ስላለው መብራት ሲጠፋ ራሱን ይመልሳል። ኤክስፋት ከዊንዶውስም ከማክም ጋር ይግባባል፤ ግን ጆርናል የለውም፣ በመብራት መቆራረጥ መካከል ለሚጻፍበት ዲስክም ደካማ ነው። ኤክስት4 ሲሠራ 5 በመቶውን ለሩት (ለኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ) ያስቀምጣል፤ በዚህ ዲስክ ላይ ወደ 100 ጊጋባይት ይጠጋል። ለዳታ ብቻ የሚውል ዲስክ ይህ አያስፈልገውም፤ «ቱን2ኤፍኤስ ሰረዝ ኤም 0» ይመልሰዋል። አዲስ ክፍልፋይ ባለቤቱ ሩት ስለሆነ ፋይል አላስፈጥር ሲል በ«ቾውን» ትዕዛዝ ባለቤትነቱን ወደ ራሳችሁ ስም አዙሩት። ፎርማት ካለቀ በኋላም መብራቱ ለረጅም ጊዜ ቢርገበገብ ብልሽት አይደለም፤ ከርነሉ የፋይል ሠንጠረዦቹን ከበስተጀርባ እያዘጋጀ ነው።

ፍጥነቱ መካከለኛ ነው። ሲጀምር በሰከንድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይጽፋል፤ ኮፒው ሲረዝም ግን በጣም ይወርዳል። በዚህ መጠን ያሉ ባለ 2.5 ኢንች ዲስኮች በአብዛኛው ትራኮቹን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ በማነባበር የሚጽፉ ናቸው፤ ጊዜያዊ ማረፊያቸው ሲሞላ የተነባበረውን እንደገና መጻፍ ይጀምራሉ። ለመጠባበቂያ ቅጂ ይበቃል፣ ቪዲዮ ቀጥታ ከላዩ ለማቀናበር ግን አይሆንም።

ከዚሁ ጋር የሊነክስ የራሱ ጠባይ አለ። የኮፒው መስመር 100 በመቶ ይደርስና ኢጀክት ሲባል ደቂቃዎች ይፈጃል። ፋይሉ ገና ራም ውስጥ ስለሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የነቀለ ሰው የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ያጣል። «ሲንክ» ብላችሁ ተርሚናሉ እስኪመለስ ጠብቁ። ሁልጊዜ ትልልቅ ፋይል የምትገለብጡ ከሆነ ከከርነሉ ቅንብሮች «ቪኤም.ደርቲ_ባይትስ» 200000000፣ «ቪኤም.ደርቲ_ባክግራውንድ_ባይትስ» 100000000 ላይ ቢቀመጥ መስመሩ እውነቱን ያሳያል።

ወደ ሙቀቱ እንምጣ፤ ሐረር ያለ አንባቢ ይህን ቢዘለው ብዙ አይጎዳም። አምራቹ ለዚህ ዲስክ የሥራ ሙቀት ብሎ የሚያስቀምጠው ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ 35ን ትነካለች፣ ታልፋለችም። ዲስኩ ማራገቢያ የለውም፣ ልባሱም ፕላስቲክ ነው፤ ረጅም ኮፒ ሲሠራ ውስጡ ከክፍሉ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ትልቁን ቅጂ ማለዳ ወይም ሌሊት አድርጉት። ፍራሽ ወይም ጨርቅ ላይ፣ ከላፕቶፑ የሙቀት መውጫ አጠገብም አታስቀምጡት። ሴራሚክ ወለል ወይም የብረት ጠረጴዛ ጥሩ ነው፤ ቬንቲሌተር ወደ እሱ ማዞርም በግልጽ ለውጥ ያመጣል። 55 ዲግሪ ሲደርስ ሥራውን አቁሙ፤ 60 ለአብዛኞቹ ሃርድ ዲስኮች ጣሪያው ነው።

ዲግሪውን የሚነግራችሁ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘው የስማርት ሰንጠረዥ ነው። «ስማርትሞንቱልስ» የሚባለውን ጥቅል ጫኑና «ሱዶ ስማርትሲቲኤል ሰረዝ ኤ ሰረዝ ዲ ሳት /ዴቭ/ኤስዲቢ» በሉ። ረድፍ 194 ሙቀቱ ነው። ከሁሉ በላይ የምናየው የተበላሹ ወይም የተጠረጠሩ ሴክተሮችን የሚቆጥሩትን 5፣ 197 እና 198ን ነው፤ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ዜሮ መሆን አለባቸው። 197 ከዜሮ ተነሥቶ በየቀኑ የሚጨምር ከሆነ ዲስኩ ላይ ያለውን አውጡና ለዋና ሥራ አትመኑት። 199 የኬብል ስሕተት ቆጣሪ ነው እየተባለ ይነገራል። እሱ የሚቆጥረው በውስጥ ያለውን የሳታ የዳታ መስመር ስለሆነ የዩኤስቢ ኬብል ጥፋት እዚያ አይታይም፤ ለእሱ ዲሜሴጅ ውስጥ ያሉትን ሪሴቶች ቁጠሩ። ረጅሙን ፈተና በ«ሰረዝ ቲ ሎንግ» ስታስጀምሩ ዲስኩ በመሃል አንቀላፍቶ ፈተናውን ሊያቋርጥ ይችላል፤ በየደቂቃው ሁኔታውን እየጠየቃችሁ ንቁ አድርጉት።

ንባቡ መሰናከል ከጀመረ የፋይል ሥርዓት መጠገኛውን «ኤፍኤስሲኬ»ን አታስነሡ። የሚታመም ዲስክ ላይ መጻፍ ጉዳቱን ያሰፋል። ኡቡንቱ ላይ «ጂዲዲሬስኪዩ» የሚባለውን ጥቅል ጭናችሁ፣ ቢያንስ 2 ቴራባይት ባዶ ቦታ ባለው ሌላ ዲስክ ላይ ሙሉ ምስሉን አውጡ፦ «ሱዶ ዲዲሬስኪዩ ሰረዝ ዲ ሰረዝ ኤን /ዴቭ/ኤስዲቢ ምስል.አይኤምጂ ካርታ.ማፕ»። የመጀመሪያው ዙር የሚነበበውን ሁሉ በፍጥነት ያነሣል፤ ቀጥሎ «ሰረዝ ኤን»ን አውጥታችሁ «ሰረዝ አር3» በመጨመር አስቸጋሪዎቹን ቦታዎች ሦስት ጊዜ እንዲሞክር አድርጉ። ያቺን የካርታ ፋይል አትርሷት፤ መብራት ጠፍቶ ሥራው ቢቋረጥ ያንኑ ትዕዛዝ መድገም ብቻ ነው፣ ካቆመበት ይቀጥላል። የጠፉ ክፍልፋዮችን በ«ቴስትዲስክ» የምትፈልጉት በምስሉ ቅጂ ላይ ይሁን።

ትልቁ ቅሬታችን ያለው ሃርድዌሩ ላይ ነው። በዚህ ዓይነት የዌስተርን ዲጂታል ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ውስጥ ዩኤስቢ ፖርቱ በዲስኩ የራሱ ሰሌዳ ላይ የተበየደ ነው፤ ሳታ ማያያዣ የለውም። ፖርቱ ከላላ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኬዝ ውስጥ መክተት አይቻልም፤ ያለው አማራጭ እጁ የሠለጠነ ብየዳ ሠሪ ነው። ስለዚህ ኬብሉን ይዛችሁ አታንጠልጥሉት፣ ተሰክቶ እያለ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። በሲጌት ኤክስፓንሽን ውስጥ በአብዛኛው ተራ የሳታ ዲስክ ስለሚገኝ በዚህ በኩል ይሻላል። በሊነክስ ላይ ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ዩኤኤስ በሚባለው የዩኤስቢ የዳታ ማስተላለፊያ ስልት ስለሚሠራ ከርነሉ ለአብዛኞቹ የሲጌት ሞዴሎች የስማርት ትዕዛዝ እንዳያልፍ ያግዳል። ሰንጠረዡን ለማየት «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚሰጠውን መለያ ይዞ በግራብ (ሊነክስን በሚያስነሣው ፕሮግራም) ውስጥ «ዩኤስቢ-ስቶሬጅ.ኳርክስ» ላይ ከ«ዩ» ፊደል ጋር ማስገባት ይጠይቃል። ተርሚናል የማይደፍር ሰው ኤለመንትስን ይውሰድ።

ድሬዳዋ ውስጥ አሸዋ በሚባለው ሰፈርም ሆነ በከዚራ ስትገዙ ኡቡንቱ የተጫነበት ላፕቶፕ ወይም ላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ኡቡንቱን የሚያስነሣ ፍላሽ) ይዛችሁ ሂዱ። «ስማርትሞንቱልስ»ንና የመጠን መፈተሻውን «ኤፍ3»ን ቀድማችሁ ላፕቶፑ ላይ ጫኑ፤ ሱቅ ውስጥ ኔትወርክ አትጠብቁ። 16 ቴራባይት ኤስኤስዲ ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ነገር ካያችሁ እለፉት፤ በእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ውስጥ የሚገኘው መጠኑን እንዲዋሽ የተደረገ ትንሽ የማስታወሻ ካርድ ነው፤ በ«ኤፍ3ፕሮብ» በደቂቃዎች ውስጥ ይጋለጣል። ኤለመንትሱን ራሱን በስማርት ስታዩት ረድፍ 9፣ የሠራበት ሰዓት፣ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ይሁን። በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ካሳየ ካርቶኑ የታሸገ ቢሆንም ዲስኩ ያገለገለ ነው፤ ዋጋውን በአሮጌ ዕቃ ዋጋ ተደራደሩ ወይም ወደ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።