የጠጅ ሳር ዘር በኢንተርኔት ከመግዛታችሁ በፊት

በአሜሪካ የምትኖሩና በጓሯችሁ ጠጅ ሳር ለማብቀል ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ በፖስታ የሚላከውን ዘር ከማዘዛችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ አደራ እላለሁ።

ባለፈው መጋቢት እናቴ ሻይ ላይ የምትጨምረው ጠጅ ሳር ናፍቆኝ፣ 200 ፍሬ ዘር በ12 ዶላር ገዛሁ። ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ታይላንዶች ሾርባ የሚሠሩበት፣ ከታች ነጣ ብሎ የሚወፍረው ዓይነት ነበር። ዘሩ መብቀሉን በቅሏል፤ ነገር ግን እስከ መስከረም ውኃ ሳጠጣው ከርሜ የቆረጥሁት አገዳ ከእርሳስ የቀጠነ፣ ቢላጥም ባዶ ገለባ ብቻ የሆነ ሳር ነው። ቅጠሉ ሲታሽ ሎሚ ሎሚ መሽተቱን አልክድም፤ ለሻይም ይሆናል፤ የተሸጠልኝ ግን እሱ አልነበረም።

ለምግብ የሚሆነው ጠጅ ሳር፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሲምቦፖጎን ሲትራተስ፣ የሚያብበው ከስንት አንዴ በመሆኑ የሚራባው ከነሥሩ እየተገነጠለ ነው። አገር ቤትም ጎረቤት ለጎረቤት ገንጥሎ ይሰጣል እንጂ ዘሩን ቋጥሮ የሚሰጥ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ይህን አስቀድሜ ባስታውስ ኖሮ ገንዘቤን ባላወጣሁ ነበር። በፖስታ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሲምቦፖጎን ፍሌክስዎሰስ የተባለ፣ በሕንድ በዋናነት ለዘይቱ የሚመረት ዘመዱ ነው።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ልዩነቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ መሆኑ ነው። ሻጩ ገንዘብ የሚመልሰው በ30 ቀን ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ቡቃያው ከማንኛውም ሳር አይለይም። አቤቱታዬን ስጽፍ «ዘሩ በቅሏል፤ ስለዚህ ጉድለት የለበትም» የሚል መልስ ብቻ ደረሰኝ። በተጨማሪም ፖስታው ከውጭ አገር የተላከ ሆኖ ሳለ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ አልነበረውም፤ ያለዚህ ሰነድ ወይም ያለ ልዩ ፈቃድ ዘር ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ነው።

ጠጅ ሳር የምትፈልጉ ከእስያ ምግብ መደብር ትኩሱን አገዳ ግዙ። ስትመርጡ ገልብጣችሁ የታችኛውን ጫፍ ተመልከቱ፤ ሥር የሚያወጣው ጠንካራ ክብ ካልተቆረጠ ይበቅላል። ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውኃ አድርጋችሁ ብርሃን ባለበት መስኮት ላይ አቁሙት፤ ውኃውን በየጊዜው ከቀየራችሁለት በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ነጫጭ ሥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ሰፋ ባለ ማሰሮ ትከሉት፤ ውርጭ ስለሚገድለው ብርዱ ሳይገባ ወደ ቤት አስገቡት።

ዘር ካልገዛሁ የሚል ሰው ቢኖር እንኳ ሻጩ ሙሉ ሳይንሳዊ ስሙን በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ፤ ካልሰጠው ገንዘቡን አይክፈል።