በሮዝ የተሸጠልኝ ሃይድራንጃ ጅማ ላይ ሰማያዊ ሆነ

ሁለቱ ችግኞች ከአንድ ሻጭ የተገዙ ናቸው፤ አንዱ ቡገንቪሊያ፣ አንዱ ሃይድራንጃ። ሲገዙ ሁለቱም ሮዝ ቀለም አበባ ነበራቸው። መሬት ከያዙ ዓመት አልፏቸዋል። ቡገንቪሊያው ሲያብብ አሁንም እንደተገዛው ሮዝ ነው። ሃይድራንጃው ግን ከተተከለ በኋላ ያወጣው አበባ የእስክሪብቶ ቀለም የፈሰሰበት የመሰለ ሰማያዊ ነው። ሻጩ ቢጠየቅ «ማዳበሪያ አብዝታችሁበት ነው» ወይም «ችግኝ ተቀያይሮባችሁ ነው» እንደሚል አልጠራጠርም። ሁለቱም አይደለም። ተክሉ ያው ነው፣ አፈሩ ነው የተቀየረበት። ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያማ እንዲያውም ወደ ሮዝ ነው የሚወስደው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

የሃይድራንጃን ቀለም ዘሩ ብቻ አይወስነውም። ሮዙም ሰማያዊውም ውስጥ ያለው የቀለም ንጥረ ነገር አንድ ነው፤ ዴልፊኒዲን ይባላል። ሥሩ ከአፈር አልሙኒየም ስቦ ወደ አበባው ካደረሰ፣ አልሙኒየሙ ከዚህ ቀለም ጋር ተጣምሮ ሰማያዊ ያደርገዋል። ካላገኘ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። አልሙኒየም በአብዛኛው አፈር ውስጥ ሞልቷል፤ ዋናው ነገር መሟሟቱ ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 በታች በሆነ አፈር ውስጥ ይሟሟል፣ ሥሩም እንደልቡ ይወስደዋል። ከ6.5 በላይ ሲሆን ይታሰራል፣ አበባውም ሮዝ ይሆናል። መሀል ላይ ያለው አፈር ሐምራዊና ዝንጉርጉር ነገር ይሰጣል።

የጅማ ቀይ አፈር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማንም ገበሬ ይነግራችኋል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድበት መሬት ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ታጥቦ ስለሚሄድ አሲዳማ ይሆናል። የግብርና ባለሙያዎች «ማሳችሁ ላይ ኖራ ጨምሩ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሌላ አገር ሰው ሃይድራንጃውን ሰማያዊ ለማድረግ አልሙኒየም ሰልፌት በኪሎ ገዝቶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ እየበጠበጠ ያጠጣል። እዚህ መሬቱ በነጻ ይሰጣል። ሻጩ ይህንን አንዴ ቢናገር ምን ነበረበት?

ታዲያ እሱ ዘንድ እንዴት ሮዝ ሆነ? በጥቁር ላስቲክ ውስጥ የነበረው ድብልቅ ፍግና ብስባሽ የበዛበት ስለሆነ ነው። ፍግ አሲዱን ያለዝበዋል። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ጣል ከተደረገበት ደግሞ ፎስፈረሱ አልሙኒየሙን ያስረዋል። ከዚያ ላስቲክ ወጥቶ ቀይ አፈር ውስጥ ሲገባ ሥሩ ከድብልቁ ውጪ እስኪዘረጋ ድረስ ምንም ለውጥ አይታይም። አንዴ የፈካ አበባም ቀለሙን አይቀይርም፣ ቢበዛ ሲያረጅ ወደ አረንጓዴ ይደበዝዛል። ለውጡ የሚታየው በሚቀጥለው አበባ ላይ ስለሆነ ሰዉ «ሌላ ተክል ሆነብኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩን ከቅርብ ለማየት በሲሚንቶ ከተለሰነ ግድግዳ አጠገብ የቆመ ሃይድራንጃ መመልከት ይበቃል። የእኔው ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ነው የሚርቀው። በግቢው በኩል ያሉት የአበባ እቅፎች ጥርት ያሉ ሰማያዊ ናቸው። በግድግዳው በኩል ያሉት ሐምራዊ ሆነዋል፤ ከእነሱም መካከል ግማሽ ጎኑ ሮዝ፣ ግማሹ ሰማያዊ የሆነ አለ። ከልስኑ ላይ ዝናቡ እያጠበ የሚያወርደው ኖራ በዚያ ወገን ያለውን አፈር አሲድ ስለሚቀንሰው ነው። አንድ ተክል፣ ሁለት ዓይነት አፈር።

ሮዙን የግድ የሚፈልግ ሰው መሬት ውስጥ ባይተክለው ይሻላል፤ ጅማ ላይ ከአፈሩ ጋር መታገል አያዋጣም። ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ታቹ የተበሳ ማሰሮ ይያዝና ሁለት እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር ይደባለቅ። ላዩ ላይ በዓመት ሁለቴ አንድ እፍኝ የምድጃ አመድ ነስንሶ በጣት መቀላቀል ነው። የእንጨት አመድ ይሁን፤ ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድ አይሆንም። መሬት ውስጥ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም የግብርና ኖራ በትኖ አፈሩን ማገላበጥ፣ ውጤቱን በወራት ውስጥ መጠበቅ፣ በየዓመቱም መድገም ነው። ኖራውም ሆነ አመዱ ከበዛ ብረቱ ይታሰራል፤ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ የሆነ አዲስ ቅጠል ካያችሁ ምልክቱ እሱ ነው፣ ያን ጊዜ ማቆም።

ሰማያዊውን ለማቆየት ሥራው ቀላል ነው፦ ዳፕና አመድ አታስጠጉት። የጀበናውን የቡና አተላ ብትደፉበት አይጎዳውም፣ ግን «አተላ ነው ሰማያዊ ያደረገው» የሚለው ወሬ ብዙም ውሃ አያነሳም፤ ተፈልቶ የወጣለት ቡና አሲዱ በአብዛኛው ከውሃው ጋር ሄዷል። ነጭ ሃይድራንጃ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነጻ ነው፤ የሚቀየር ቀለም ስለሌለው የትም ነጭ ነው።

ቡገንቪሊያውን በዚህ በኩል የሚያማው የለም። ቀለሙ ከሌላ ቤተሰብ ነው፣ ቤታላይን ከሚባለው፤ አፈሩ አሲድ ሆነ አልሆነ አይነካውም። አበባ የምንለው ሮዙ ነገር ቀለም ያወጣ ቅጠል ሲሆን፣ እውነተኛው አበባ መሀሉ ላይ ያለችው ነጭ ትንሽ ቱቦ ናት። ሮዝ ከገዛችሁ ሮዝ ነው። የሚያጣላን ሌላ ነገር ነው፦ ጅማ ላይ ከመጋቢት እስከ መስከረም፣ አንዳንዴም ጥቅምት ድረስ ይዘንባል፣ ቡገንቪሊያ ደግሞ ውሃ ሲጠግብ ቅጠልና እሾህ እንጂ አበባ አያስብም። የሚያብበው ጠማኝ ሲል ነው። «ዓመቱን ሙሉ ያብባል» የሚለው ሻጭ ድሬዳዋ ላይ ቢሸጥ ያምርበታል። እዚህ ኅዳር ገባ ሲል ይጀምራል፣ በጋውን ይደምቃል፣ ዝናቡ ሲበረታ ወደ ቅጠሉ ይመለሳል።

ያም ሆኖ የሚረዳው ነገር አለ። በቀን ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ፣ ውሃ የማይተኛበት ተዳፋት፣ ካልሆነም 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ላይ ይተከል። ዩሪያ ጭራሽ አይንካው። በበጋ የላዩ 5 ሳንቲ ሜትር አፈር እስኪደርቅ፣ ቅጠሉም ትንሽ ጎንበስ እስኪል ጠብቆ ማጠጣት ነው። አበባው ሲረግፍ ረጃጅሙን ቅርንጫፍ በሲሶ መከርከም፣ ምክንያቱም በአዲሱ ለጋ ጫፍ ላይ ነው የሚያብበው። ሲተከል ትልቁ አደጋ ሥሩ ነው፦ ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ ላስቲኩን ጎትቶ ከማውጣት በምላጭ ሰንጥቆ፣ አፈሩን ሳያራግፉ ከነጓሉ ጉድጓዱ ውስጥ ማስቀመጥ። ጓንት አትርሱ፤ እሾሁ ቀልድ አያውቅም።

የሃይድራንጃው ዋጋ የሚከፈለው በበጋ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት በሳምንት ሁለቴ ለአንድ ጎልማሳ ቁጥቋጦ 10 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ የቧንቧ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው በርሜል ያስብበት። ቀትር ላይ ቅጠሉ ሲጠወልግ ሮጦ ማጠጣት ልማድ ሆኗል፣ ግን ሰፊ ቅጠል ስለሆነ አፈሩ እርጥብ ሆኖም ይጠወልጋል። ማታ ካልተነሳ ብቻ ነው የጠማው። አፈሩን በጣት ጠልቆ ማየት ይቀድማል፤ እርጥብ አፈር ላይ መደፋት ሥሩን ያበሰብሳል። ቦታው የጠዋት ፀሐይ፣ የከሰዓት ጥላ ያለበት ይሁን። ለቡና ጥላ የሚሆን ዛፍ ያለበት ግቢ ለእሱም ይስማማዋል። ከሥሩ ዙሪያ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የቡና ገለባ ማልበስ እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ገለባው ግን ተከምሮ ለወራት የበሰበሰ ይሁን። ትኩሱ ይግላል፣ ከአፈሩም ናይትሮጅን ይሻማል። ግንዱን እንዳይነካም አንድ ስንዝር ይራቅ። በክረምት ቀንድ አውጣ ለጋውን ቅጠል ይበላል፣ ማታ በባትሪ መልቀም ነው።

ቀለሙን ተቀብላችሁ አበባውን እንዳታጡ መግረዙን ጠብቁ። በተለምዶ የሚሸጠው ሰፊ ቅጠል ሃይድራንጃ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ግንድ ላይ ነው፣ እንቡጡንም የሚቋጥረው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የደረቀውን አበባ ከሥሩ ባሉት ሁለት ወፋፍራም እንቡጦች ከፍ ብሎ ወዲያው መቁረጥ፣ መስከረም ካለፈ በኋላ ግን መቀስ አለማስጠጋት። ለገና ግቢ ይመር ተብሎ በታኅሣሥ የሚከረከም ሃይድራንጃ ለከርሞ ቅጠል ብቻ ነው። ስንቱ «መካን ነው» ተብሎ የተነቀለው በዚህ ነው! የበዓል በግም አጠገቡ አይታሰር፤ ቅጠሉም እንቡጡም ለከብት መርዝ ነው።

ድጋሚ ልግዛ ብል? ሃይድራንጃውን አዎ፣ ያውም ያለ ጭቅጭቅ። ያላዘዝኩት ሰማያዊ ከታዘዘው ሮዝ ይበልጣል። ቡገንቪሊያውን ለበር ላይ ብቻ፤ ስድስት ወር ቅጠል ለመመልከት የሚሆን ትዕግሥት ላለው። ግን ሻጮች ሰማያዊውን ሃይድራንጃ ከሮዙ አስወድደው ሲጠሩት አትስሟቸው። ሁለቱም እዚህ አፈር ውስጥ ሲገቡ በአብዛኛው ወደ ሰማያዊ ነው የሚሄዱት፣ አንዳንድ ደማቅ ዝርያ ሐምራዊ ላይ ቢቆም ነው። ርካሹን አንሱ፤ ቀለሙን ትታችሁ ግንዱን እዩ፣ እርሳስ የሚያህል ወፍራም ግንድ ያለውን፣ በላስቲኩ ቀዳዳ ሥሩ ተጠምዝዞ ያልወጣውን። ጎረቤት ካለው ደግሞ ብርም አያስፈልግም፦ በሰኔ አበባ ካልያዘ ቅርንጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ፣ የታችኞቹን ቅጠሎች አንስቶ፣ የላይኞቹን በግማሽ ቆርጦ፣ እርጥብ አሸዋና ብስባሽ ውስጥ አንዱን አንጓ ቀብሮ ጥላ ማስቀመጥ ነው። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሥር ይይዛል።