ቲኤልዲ፦ አንድ ፍሬ፣ አራት ኮከብ

አሁን የምወስደው ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ቲኤልዲ ይባላል። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር አንድ ኪኒን ውስጥ ገብተዋል። በቀን አንድ ፍሬ፣ አለቀ።

አዲስ ለጀመረ ሰው ይሄ ምንም ላይመስለው ይችላል። ፀረ ኤችአይቪ በነፃ መሰጠት በጀመረበት በ1997 ዓ.ም. ሰሞን የገባን ሰዎች ግን ልዩነቱን እናውቀዋለን። ጠዋትና ማታ መዋጥ ነበር፤ ስታቩዲን የሚባለው ደግሞ እግር ከማቃጠሉ ሌላ ጉንጭ ስለሚያጎደጉድ፣ ማንም ሳይነግረው ጎረቤት ፊታችንን አይቶ ይጨርሰው ነበር። ቀጥሎ ኢፋቪሬንዝ ያለበት መጣ። በቀን አንዴ መሆኑ ጥሩ፣ ግን ቅዠቱ! ጠዋትም ራሴን ሲያዞረኝ ይውላል።

ቲኤልዲ ላይ ቅዠቱ ቀርቶልኛል። ያለ ምግብም ስለሚወሰድ፣ ሰዓቱን ማታ ላደረገ ሰው ጾም አያስቸግርም። ቫይረሱን ቶሎ ያወርዳል፣ ቫይረሱም በቀላሉ አይላመደውም። ቫይራል ሎዱ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) በምርመራ አይታይም የተባለና እንደዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። ይሄን እስካሁን የማያምኑ ዘመዶች አሉኝ፣ ተውኳቸው።

ኪሎ ግን ይጨምራል። ሱሪዎቼ ይመስክሩ።

ያናደደኝ ሌላ ነው። የምከታተልበት ክሊኒክ ቀጠሮ ጽፎ ከመሸኘት በቀር ስለ ጨጓራ መድኃኒት ትንፍሽ አላለም። ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም ያለበት የጨጓራ ሽሮፕ አብሮ ከተወሰደ ዶሉቴግራቪሩ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ስለዚህ ኪኒኑ ከሽሮፑ 2 ሰዓት መቅደም ወይም 6 ሰዓት መዘግየት አለበት። አይረንና ካልሲየምም በባዶ ሆድ ከሆነ ያው ናቸው። ሁሉም ሰው ጨጓራዬን በሚልበት አገር ይሄ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበረበት። ለእኔ የነገረችኝ የሰፈር ፋርማሲስት ናት። ለስኳር ሜትፎርሚን ወይም የቲቢ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ዶዙ ስለሚስተካከል ቀድማችሁ ተናገሩ።

ቀጠሮው ላይ ግን አልጨክንም። ቫይረሱ ወርዶ ደህና የሆነ ሰው አሁን የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ ይወስዳል፤ በየጊዜው አለቃ ፊት ቆሞ ፈቃድ መለመን ቀረ።

መርፌውስ ለምትሉ፦ በየ2 ወሩ የሚወጋ ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን ውጭ አገር አለ። ብዙ የሚወራለት በየ6 ወሩ የሚወጋው ሌናካፓቪር ግን እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ የፈቀደችው ቫይረሱ ለሌለበት ሰው መከላከያ እንዲሆን ነው፤ ብቻውን የእኛን ኪኒን አይተካም።

አንድ ኮከብ የቀነስኩት ለማሸጊያው ነው። ያ የፕላስቲክ ዕቃ ታክሲ ውስጥ ቦርሳ በተነቃነቀ ቁጥር ይንኳኳል። ጥጥ ጠቅጥቄበታለሁ።