የቱ ኤልን ምት ማስረዘም ወይስ ያገለገለ ስሪ ኤል መግዛት?

ቱ ኤል (2L) እና ስሪ ኤል (3L) የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ናቸው። በቱ ኤል ሃይስ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚመላለሱ ወዳጆቼ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ያለውን ዳገት ባሰቡ ቁጥር «የስሪ ኤል ክራንክ ሻፍት ብንከትበት አይረክስም?» ይሉኛል። ክራንክ ሻፍት ፒስተኖቹን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ዘንግ ነው፤ የስሪ ኤሉ ምቱን፣ ማለትም ፒስተኑ ወጥቶ የሚወርድበትን ርቀት፣ ያስረዝማል። እኔም በዚሁ ሐሳብ ተስቤ ለክራንክ ሻፍት 45,000፣ ለፒስተን 32,000 ብር ከከፈልሁ በኋላ ነው የተመለስሁት፤ ስለዚህ መልሴ ገለልተኛ አይደለም።

የቱ ኤል አራት ሲሊንደሮች የእያንዳንዱ ስፋቱም ምቱም 92 ሚሊ ሜትር ሆኖ በድምሩ 2446 ሲሲ ይይዛሉ፤ የስሪ ኤል ሁለቱም 96 ስለሆኑ 2779 ሲሲ ይደርሳል። ምቱን ብቻ ወደ 96 ብናስረዝመው የምናገኘው 2553 ሲሲ ገደማ ነው፤ ለ107 ሲሲ ሙሉ ሞተር ማውረድ ማለት ነው።

ይህንን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። አዛውንቱ የቶርኖ ባለሙያ በካሊፐር ሲለኩ ቆይተው «ልጄ፣ ይህ ፒስተን ቴስታታውን ይመታል» አሉኝ (ቴስታታ የሲሊንደሮቹ ክዳን ነው)። ምቱ 4 ሚሊ ሜትር ሲረዝም ፒስተኑ ወደ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ለዚያ የሚሆን ክፍተት የለውም። የፒስተኑን አናት በቶርኖ 2 ሚሊ አስልጦ መግጠም ርካሹ መንገድ ቢሆንም፣ እሳቱ የሚያርፍበትን ቦታ ማሳሳት ስለሆነ አልደፈርሁትም።

በዚያው ዕለት ጥርጣሬ ገብቶኝ አራቱን ፒስተኖች ወርቅ ቤት አስመዘንኋቸው። ባለሱቁ እየሳቀ ሚዛኑ ላይ አንድ በአንድ ሲያስቀምጣቸው እኩል መመዘን ሲገባቸው በቀላሉና በከባዱ መካከል የ9 ግራም ልዩነት ወጣ። ካርቶኑ የጃፓን ስም ተጽፎበት ነበር፤ ዕቃው ግን ኮፒ ሆኖ ተገኘ፣ ሻጩም «ማሸጊያው ተከፍቷል» ብሎ አልመልስም አለኝ።

ሒሳቡን እንመልከት። ክራንክ ሻፍቱና ፒስተኑ 77,000፣ የቶርኖ ሥራ 28,000፣ ብሮንዚና፣ ፋሻና ጓርኒሲዮን 21,000፣ የእጅ ዋጋ 25,000፤ ድምሩ 151,000 ብር ሊሆን ነበር። በመጨረሻ የገዛሁት ስሪ ኤል ከነናፍጣ ፖምፓው 190,000፣ ማጓጓዣው 9,000፣ ቺንጋ፣ ዘይትና ፊልትሮ 14,000፣ መግጠሚያው 12,000 ብር ወጣበት፤ አሮጌውን ሞተር 35,000 ስለሸጥሁት የወጣብኝ 190,000 ነው። የመጀመሪያው መንገድ አንዱን ሲሲ በ1,411 ብር ሲሸጥልኝ፣ ሁለተኛው በ571 ሸጠልኝ። (ክራንክ ሻፍቱ ገዢ አጥቶ እስካሁን አልጋ ሥር ነው።)

ሆኖም ስሪ ኤል የተባለ ሁሉ ስሪ ኤል አይደለም። አዲስ አበባ መጀመሪያ ያሳዩኝ ሞተር ቴስታታው ሲነሳ ሲሊንደሩ 92 ሚሊ ሆነ፤ ቱ ኤል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ቴስታታው ሳይነሳ አይክፈሉ፤ አስቀድሞም መሬት ላይ በባትሪ አስነስተው የዘይት ክዳኑን ከፍተው ጭሱን ይመልከቱ። የታይሚንግ ቺንጋውንም ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ይቀይሩ፤ ከገባ በኋላ ሥራው እጥፍ ነው።

ፋይቭ ኤል እንዴት ነው ለሚሉኝ፣ ምቱ ያው 96 ሲሆን ስፋቱ ወደ 99.5 አድጎ 2986 ሲሲ ይሆናል። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በሳሳ አየር ሲደክም ትርፉ ሲሲ ይሰማል፤ ለእኔ ግን ሌላ 70,000 ብር ተጠየቀበትና ተውሁት። የትኛውንም ቢመርጡ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር፣ ሻጩ የዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ኮፒ ካልሰጠ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም አይግዙ።